ባለሁለት መቀመጫው የልጅ ጋሪና የሠፈራችን ቦይ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውሃ፣ ስለ መዋጮና ስለ ሌሊት ጥበቃ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ ግን ጥቂት ለማለት የወደድነው ስለ አንድ የልጅ ጋሪ ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። አንዳንዱም «ሥራ ፈቶች!» ሊለን ይችላል። ይበለን። እስከ መጨረሻው ካነበበ በኋላ ቢለን ግን እንመርጣለን።

ብዙዎቻችሁ እንዳያችሁት፣ ከሠፈራችን እናቶች ለአንዷ ዓረብ አገር የምትኖር እኅቷ ባለሁለት መቀመጫ የልጅ ጋሪ ልካላታለች። ይህች እናት ሁለት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅና የሦስት ወር ሴት ልጅ አሏት። ጋሪው የመጣ ሰሞን በሩ ላይ ቆሞ ያላየ የለም። ልጆቹ ጎማውን ነካኩ፤ ጎልማሶቹ ማጠፊያውን ሞከሩ፤ አንዳንዱ «ሸጋ ነው» አለ፣ አንዳንዱ ደግሞ «ይኼ እዚህ ምን ሊሠራ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ጋሪው ሁለት ጊዜ ወጣ፤ ሦስተኛውን አልወጣም። አሁን ጓዳ ውስጥ የሽንኩርት ከረጢት ተሸክሞ ተቀምጧል። እኛን ያሳሰበን እዚህ ላይ ነው። ጋሪው ለምን ገባ? ጥፋቱ የጋሪው ነው ወይስ የመንገዱ?

መጀመሪያ ስለ ራሱ ስለ ዕቃው እንናገር፤ ብዙ ሰው አይቶ አልገባውምና። ይህ ዓይነቱ ጋሪ እንደ አስፈላጊነቱ የሚለዋወጥ ነው። አንድ ልጅ ብቻ ሲኖር የአንድ ልጅ ጋሪ ይሆናል፤ ሁለተኛው ሲወለድ በዚያው ብረት ላይ ሌላ መቀመጫ ይጨመርበታል። ትልቁ ልጅ ከፊት ሲቀመጥ፣ ትንሿ ከኋላ ወይም ዝቅ ብሎ በተሠራው በኩል ትተኛለች። መቀመጫው ወደ እናቱም ወደ መንገዱም ሊዞር ይችላል። በአንዳንዱ ላይ ደግሞ ትልቁ ልጅ መቀመጥ የሰለቸው እንደሆነ ከኋላ የሚቆምበት ትንሽ ጣውላ አለው። ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስላለው በብዙዎቻችን በር አይገባም። የእኛዋ ጎረቤት የፊትና ኋላው ነው፤ ወርዱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

አሁን ኪሎውን እንቁጠር። እንዲህ ያለው ጋሪ ባዶውን ከ12 እስከ 16 ኪሎ ይመዝናል። የሁለት ዓመት ልጅ ወደ 12 ኪሎ ነው። የሦስት ወር ሕፃን 6 ኪሎ ገደማ ነው። በጠቅላላው እናቲቱ የምትገፋው ከ30 ኪሎ በላይ ነው ማለት ነው፤ ያውም የገበያ ዕቃ ሳይጨመርበት። ይህ ክብደት በሜዳ አስፋልት ላይ በአንድ እጅ ይሄዳል። በእኛ ሠፈር ዳገትና በፈጠጠው ድንጋይ ላይ ግን እንደ ጆንያ ይከብዳል። በአንቀልባ ቢሆንስ? ጀርባዋ ላይ 6 ኪሎ ብቻ ነው፤ ግን ትልቁ ልጅ ግማሽ መንገድ ላይ «እቀፊኝ» ብሎ የተቀመጠ ጊዜ 18 ኪሎ በአንድ ሰው ወገብ ላይ ይወድቃል። የሁለት ዓመት ልጅ ባሕርይ ደግሞ ይታወቃል። ሂድ ሲሉት ይቆማል፤ ቁም ሲሉት ይሮጣል።

ሠፈር ውስጥ ጉዳዩ የተነሣ ጊዜ አንዲት አዛውንት እናታችን እንዲህ ብለው ነበር፦ «ልጄ፣ እኔ ሰባቱንም ያሳደግኋቸው በዚህ ጀርባ ነው። መሽከርከሪያ አልጠየቅሁም።» ወጣቷ እናትም በአክብሮት፣ «እማማ፣ እውነት ነው። ግን ያን ጊዜ እርስዎ ውሃ ሲወርዱ ትልቁን የሚይዝልዎ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። እማማም ትንሽ አስበው «አማቴ ነበረች፣ የባሌ እኅትም ነበረች፣ ጎረቤትም ነበር» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። እኛም ስናስበው ነገሩ ያለው እዚህ መልስ ውስጥ ነው። የዛሬዋ እናት ብዙውን ጊዜ ባንድ ክፍል ኪራይ ቤት ብቻዋን ነች። አማቷ ገጠር ናት፤ እኅቷ ጂዳ ናት። አንቀልባው ያው አንቀልባ ነው፤ ከጎኑ ይቆም የነበረው እጅ ግን የለም።

አንቀልባን ለማጣጣል የተነሣን እንዳይመስላችሁ። አንቀልባ የአገራችን ጥበብ ነው። ቆዳው ለፍቶ፣ ጠርዙ ተሰፍቶ፣ አንዳንዱም በዛጎል አጊጦ፣ ከእናት ወደ ልጅ ይወራረሳል። ሕፃኑ የእናቱን ሙቀትና የልቧን ምት ይሰማል፤ እሷም ሊጥ ታቦካለች፣ ቡና ትቆላለች፣ ገበያ ትወርዳለች። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ዘግይተው ነው የነቁት። አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በሰላም ጓድ አባልነት ቶጎ ሄዳ፣ አፍሪካውያን እናቶች ልጆቻቸውን በጀርባቸው አዝለው ሲሠሩ አይታ ነው፣ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ከእናቷ ጋር ሆና ስናግሊ የተባለውን የልጅ ማዘያ የሠራችው። በእ.ኤ.አ. 1969 የባለቤትነት መብት ወጣለት። ዛሬ በየአገሩ በውድ የሚሸጠው ማዘያ የዚያ ዘር ነው። እኛ ደግሞ አንቀልባውን ቆጥ ላይ ሰቅለን ጋሪ ብቻ ሥልጣኔ ይመስለናል፤ ይኼ ልክ አይደለም።

ደግሞም መንገድ በሌለበት ጊዜ መንገድ የሚሆነው አንቀልባ ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከወልድያና ከመርሳ በኩል በገፋ ጊዜ ሕዝቡ በእግሩ ወደ ደሴ ሲፈስ አይተናል፤ ከእኛም ብዙው አብሮ ሄዷል። አንዱን አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ጎትታ፣ ጭንቅላቷ ላይ ጥቅልል ተሸክማ የሄደችውን እናት መግለጽ አያስፈልግም፤ ከዚህ ሰሌዳ ፊት ከሚቆሙት መካከል ነች። በዚያን ቀን ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ጠርዝ ላይ ተጥሎ ነበር የሚታየው።

ስለ ጋሪው ታሪክም አንድ ሁለት ነገር እንበል፤ ውጫሌዎች ስለሆንን የሚያስደስተን ነገር አለበት። የልጅ ጋሪ መጀመሪያ የተሠራው ለመሳፍንት መጫወቻ ነው። በእ.ኤ.አ. 1733 ዊልያም ኬንት የተባለ እንግሊዛዊ ለዴቮንሺር መስፍን ልጆች ሠራው ይባላል፤ የሚጎትተውም ፍየል ወይም ትንሽ ፈረስ ነበር። (ፍየልስ እኛም ጋ ሞልቷል፤ እንዳትሞክሩት።) ቀጥሎ ጋሪው በሰው እጅ የሚገፋ ሆነ፤ ግን መቀመጫው ወዳንድ አቅጣጫ ብቻ የተበየደ ነበር። መቀመጫው ወደ እናትም ወደ መንገድም እንዲዞር፣ ጎማዎቹም እያንዳንዳቸው ለየብቻ እንዲዞሩ አድርጎ የባለቤትነት መብት ያወጣው ዊልያም ሪቻርድሰን የተባለ የባልቲሞር ጥቁር አሜሪካዊ ነው። መቼ? በሰኔ ወር 1881 ዓ.ም.! ከከተማችን ብዙም በማይርቀው ይስማ ንጉሥ ላይ ዐፄ ምኒልክና የኢጣልያው አንቶኔሊ ውሉን የተፈራረሙት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ሁለት ወር እንኳ አይሞላም በመካከሉ። የእኛው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ፣ በጣልያንኛው ሌላ ሆኖ፣ መዘዙ እስከ ዓድዋ አደረሰን፤ የሪቻርድሰን ጋሪ ግን ወደ ሁለቱም ወገን ቢዞር ማንንም አልጎዳም።

ከዚያ በእ.ኤ.አ. 1965 ኦወን ማክላረን የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ መጣ። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስፒትፋየር የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን እግር ሥራ ላይ የተካፈለ ነው። የአውሮፕላኑ እግር ሲነሣ እንደሚታጠፍ ሁሉ፣ የልጁ ጋሪ እንደ ጃንጥላ ተሰብስቦ ብብት ሥር እንዲገባ አደረገው። ዛሬ ባጃጅ ውስጥ አጥፈን የምናስገባው ጋሪ የተገኘው ከዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ጋሪው ሁለት ጊዜ ወጥቶ የቀረው ለምንድን ነው?

አንደኛው ቀን ከቤት እስከ ዋናው መንገድ ባለው ኮረኮንች ላይ የፊት ጎማው ቦይ ውስጥ ገባ። እናቲቱ ሁለቱን ልጆች እንደያዘ ጋሪውን ማንሣት አልቻለችም፤ ሁለት ጎረምሶች መጥተው አነሡላት። እግዜር ይስጣቸው። በሁለተኛው ቀን ቦዩን በድንጋይ ረግጣ አለፈች፤ አስፋልቱ ዳር ስትደርስ ግን የእግረኛው ቦታ አሸዋ ተደፍቶበታል፣ እንጨት ተቆልሎበታል፣ ባጃጅ ቆሞበታል። ስለዚህ አስፋልቱ ላይ ወረደች። ያ አስፋልት ደግሞ የእኛ የሠፈር መንገድ አይደለም፤ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ነው። ተሳቢ መኪና ቁልቁለቱን ይዞ ይመጣበታል።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ልብ እንዲለው የምንፈልገው ነገር አለ። ሕፃን ያዘለች እናት መንገድ ለመሻገር ከቆመው መኪና ጀርባ ብቅ ስትል መጀመሪያ የሚወጣው የእሷ ጭንቅላት ነው። አንገቷን ሰገግ አድርጋ አይታ ትመለሳለች፤ ልጁ ከኋላዋ ነው። ጋሪ የምትገፋ እናት ግን እንደዚያ አይደለችም። እሷ ገና ከቆመው መኪና ጀርባ ሆና ምንም ሳታይ፣ ልጆቹ ከፊቷ አንድ ሜትር ያህል ቀድመው አስፋልቱ ላይ ወጥተዋል። ሾፌሩም ከፍ ካለው ወንበሩ ላይ ሆኖ ዝቅ ያለውን ጋሪ አያየውም። ይህ የእናቲቱ ስንፍና አይደለም፤ ዕቃው የተሠራው የእግረኛ መንገድ ላለው ከተማ ስለሆነ ነው። ስለዚህ መንገዱ እንዲህ እያለ በገበያ ቀን በአስፋልቱ ዳር ጋሪ መግፋት ከአንቀልባ ይልቅ አደገኛ ነው ብለን በግልጽ እንናገራለን። እናቲቱ ጋሪውን ጓዳ ማስገባቷ የፍርሃት ሳይሆን የማስተዋል ነው።

«እንግዲያስ ተወው፣ በአንቀልባ ትሂድ፤ ምን ቸገረን?» የሚል ይኖራል። የሚቸግረውን እንንገረው።

አንድ ሕፃን ከተወለደ በኋላ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛውና በ15ኛው ወር ለክትባት ጤና ጣቢያ መቅረብ አለበት። ይህ ልጁ ባይታመም እንኳ ነው፤ ተቅማጥና ትኩሳት ሲጨመርበት መመላለሱ ይበዛል። በእነዚህ ቀኖች ሁሉ የሁለት ዓመቱ ልጅ የት ይሁን? እናቲቱ ያላት ምርጫ ሦስት ነው። ቤት ቆልፋበት መሄድ፣ ቀጠሮውን ማሳለፍ፣ ወይም ትልቋን ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ማስቀረት። የመጀመሪያው ከምድጃና ከውሃ በርሜል ጋር ሕፃን መተው ነው። ሁለተኛው የኩፍኝን በር መክፈት ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ሦስተኛው ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በሠፈራችን የሚለዋወጠው ጋሪ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ሲያስፈልግ ታዝላለች፣ ሲያስፈልግ ታቅፋለች፣ ሲያስፈልግ ልጁን ይዛ ደጅ ትቀመጣለች። የሱቁ ደጃፍ ላይ፣ የራሷን ግማሽ የሚያህል ልጅ በነጠላ ጀርባዋ ላይ አስራ፣ ደብተር የያዙ ጓደኞቿ ሲያልፉ የምታይ ልጅ ስንቶቻችን አላየንም? አይተን ደግሞ «ጎበዝ፣ እናቷን የምትረዳ» ብለን አመስግነናል። ጎበዝስ ናት። ግን በወር ስንት ቀን ቀረች ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

አባቶችንም ሳንነካ አናልፍም። ጋሪው የመጣ ሰሞን የልጆቹ አባት አንድ ቀን ማታ እየገፋ እስከ ሱቅ ሄዶ ነበር። ሲመለስ የሰማውን ፌዝ እዚህ መጻፍ አይገባንም። ከዚያ ወዲህ አልነካውም። ጎበዝ፣ ወንድ ልጅ የገዛ ልጆቹን ቢገፋ ከክብሩ ምን ይጎድልበታል? ሲሚንቶ በባለአንድ ጎማ ጋሪ የሚገፋ ወንድ አይሳቅበትም፤ ልጁን የሚገፋ ይሳቅበታል! በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወለደች ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ሲፈቅድ፣ ለአባትም 3 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቅዷል። ሦስት ቀን ጥቂት ናት፤ ሕጉ ግን አባትም የልጅ ሥራ እንዳለበት አምኗል ማለት ነው። ሥራው የግል ለሆነና ቀኑን ለራሱ ለሚያዝ ሰው ደግሞ ሦስት ቀን ብሎ የሚወስንበትም የለም። የ14ኛው ሳምንት ቀጠሮ ቀን ትልቁን ልጅ ይዞ መዋል ማንን ይገድላል?

ስለ ዓይንም ተነሥቷል። ልጅን በጋሪ ገልጦ ማሳየት ለዓይን ይዳርጋል የሚሉ እናቶች አሉ፤ በዚህ ላይ ሙግት አንገጥምም፤ እናት ልጇን መሸፈን መብቷ ነው። ነገር ግን በጠራራ ፀሐይ ጋሪውን በወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ማልበስ ውስጡን እንደ ምድጃ ያግለዋል፣ አየርም ያሳጣል። ስስ መረብ ይበቃል፤ ዓይንንም ዝንብንም ይከለክላል።

አጠቃቀሙን በሚመለከት ከጤና ባለሙያዎች የሚሰጠውን ምክር እዚህ ላይ ብናስታውስ አይከፋም። አንገቷን ያላጠናች ሕፃን ወንበር ላይ ቀጥ ብላ መቀመጥ የለባትም፤ እስከ ስድስት ወር ገደማ ዝርግ ብላ የምትተኛበት መቀመጫ ያስፈልጋታል፤ አገጯ ደረቷ ላይ ከወደቀ ትንፋሿ ይታፈናል። አንቀልባም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ፊቷ ይታይ፣ አፍንጫዋ ጨርቅ ውስጥ አይቀበር። እግሮቿም እንደ እንቁራሪት ተከፍተው ይታዘሉ እንጂ ቀጥ ተደርገው አይጠፈሩ፤ የዳሌ መጋጠሚያዋ የሚጸናው እንደዚያ ነው። በዚህ በኩል የእናቶቻችን አስተዛዘል ድሮም ትክክል ነበር። የጋሪውን ቀበቶ ማሰር፣ ባቆሙት ቁጥር ፍሬኑን መርገጥ፣ መግፊያው ላይ ደግሞ ዘምቢል አለማንጠልጠል። ይህ የመጨረሻው በጣም ይረሳል። ትልቁ ልጅ ከፊት ዘሎ ሲወርድ፣ ከኋላ የተንጠለጠለው አምስት ኪሎ ሽንኩርት ጋሪውን ከነሕፃኗ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዘምቢሉ፣ ከዚያ ትንሿ፣ በመጨረሻ ትልቁ ነው የሚወርደው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የመግፊያውን ማሰሪያ እጅ ላይ መጠምጠም ያስፈልጋል፤ የእኛን ቁልቁለት የሚያውቅ ይህን አይስቅበትም።

ዘመድ ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ «ጋሪ ላኪልኝ» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ። ጎማው ትንሽና ደረቅ ፕላስቲክ የሆነ ጋሪ ለሱቅ ወለል የተሠራ ነው፤ እኛ ጋ አንድ ክረምት አይዘልቅም። ትልልቅ ጎማ ያለው፣ ባጃጅ ውስጥ የሚታጠፍ፣ ጎን ለጎን ያልሆነ ይሁን። እኛን ብትጠይቁን ግን ሌላ ጋሪ ከመምጣቱ በፊት የጋሪው ዋጋ በሲሚንቶ ቢመጣ ይሻለን ነበር። ይኼ ቀልድ ብቻ አይደለም።

ምክንያቱም የሚያስፈልገው ሥራ ያን ያህል ትልቅ አይደለም። አስፋልቱን የማስፋት አቅምም ሥልጣንም የለንም፤ የመንገድና የከተማ ጉዳይ የሚመለከታቸው ክፍሎች ሥራ ነው፤ አቤቱታችንን በጽሑፍ እናቀርባለን። የቦዩ አፍ ግን የእኛው ነው። ከጤና ጣቢያው መንገድ እስከ ሠፈራችን መጨረሻ ስንቆጥር ድልድይ የሌለው ወይም ድንጋዩ የወለቀ የቦይ መሻገሪያ አራት ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ከሃያ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ መክደኛ ቢሠራ ጋሪው በሰላም ያልፋል። ደረጃ ባለበት ቦታ ደግሞ ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት የሚለው የታወቀ ልክ አለ፤ ለ15 ሳንቲ ሜትር ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ማለት ነው። ግንበኞቻችን ይህን ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ።

«ለአንድ ጋሪ?» የሚለው ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ከወዲሁ ተነሥቷልና። ለአንድ ጋሪ አይደለም። በዚያው ቦይ ላይ ጄሪካን በእጅ ጋሪ የሚገፉት ልጆች በየቀኑ ይደናቀፋሉ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ወንድማችን መስጊድም ሱቅም ሲሄድ ሰው ይለምናል። አባቶች በዱላ እየተመረኮዙ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እዚያው ቆመው እጅ የሚሰጣቸው ይጠብቃሉ። ባለፈው ክረምት ቃሬዛ ይዘን ለቀብር ስንወጣ የፊተኞቹ ሁለት ሰዎች የተንሸራተቱት የት ነበር? ያኔ ሁላችንም «ይኼ ነገር ይሠራ» ብለን ነበር፤ ለቅሶው ሲነሣ ነገሩም አብሮ ተነሣ።

አሸዋና እንጨት መንገድ ላይ የሚያከማቹ ወገኖቻችንን በስም አንጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። ቤት መሥራት ክልክል አይደለም። ግን አንድ ሜትር ለእግረኛ ትቶ መቆለል ይቻላል። ባጃጅ ነጂዎችም ማዕዘኑ ላይ ከመቆም አሥር እርምጃ ፈቀቅ ብትሉ፣ መንገድ የምትሻገረው እናት መኪናውን ታያለች፣ ሾፌሩም ልጆቹን ያያል። በዚህ የሚጎድል ገቢ ያለ አይመስለንም፤ አለ የሚል ካለ ስብሰባው ላይ ይንገረን።

የጋሪው ባለቤት፣ መንገዱ ሲስተካከል፣ ጋሪዋን ለሌሎችም ለማዋስ ፈቃደኛ መሆኗን ነግራናለች። በሠፈራችን ሁለት ሕፃናት በአንድ ጊዜ የሚያሳድጉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ የሁሉም ቀጠሮ ግን ባንድ ቀን አይውልም። የክትባት ቀን ያላት እናት ከዋዜማው ትናገርና ትወስዳለች፤ ጎማውን አጥባ ትመልሳለች። ጎማው ቢፈነዳ የሚጠግነው ብስክሌት ጠጋኙ ነው፤ ሒሳቡ ከመዋጮ ይሸፈን ወይስ የተዋሰችው ትክፈል የሚለው ገና አልተቆረጠም። እኛ ከመዋጮ ይሁን ባዮች ነን። ትልቋ ልጅ ግን በዚያን ቀን ትምህርት ቤት ትሂድ፤ ጋሪው የሚሰጠው በዚህ ስምምነት ነው።

በሚመጣው እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከላይ በኩል ካለው የመጀመሪያው ቦይ እንጀምራለን። ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለው ድንጋይ፣ ጉልበት ያለው ጉልበት፣ ሁለቱም የሌለው ቡና ይዞ ይምጣ። ሲሚንቶ ሦስት ከረጢት ቃል ተገብቷል፤ ሁለት ይጎድላል። ሜትር ያለው ሰውም እንዳይረሳ፤ የመክደኛውን ስፋት ከጋሪው ጎማ ጋር የምንለካው እዚያው ነው።